ጥርስ ውስጥ ያለች ጥርስ

ጎንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ በእጄ ላሳደግሁህ ለአንዳርጋቸው፤

እንደምን ከረምህ? ክረምቱን ያሻገረን አምላክ የሰው አገር ብርድ እንዳይጎዳብኝ ጠዋት ማታ ስምህን እየጠራሁ እለምነዋለሁ። እኛ ሸጋ ነን። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ዘንድሮም ሦስተኛ ክፍል ነው የሰጡኝ። ወንበር ሳይጨመር ልጁ ተጨምሯል። አባትህ ለመስቀል ከአዲ አርቃይ መጥቶ ሰንብቶ ሄደ። ጉልበቱ አስቸግሮታል እንጂ ጨዋታው እንደ ድሮው ነው።

የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ወለተሩፋኤል ነው። አንተ ስትሄድ የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ሕፃን ነበረች፤ አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከላይ ከፊት ጥርሶቿ ቀጥላ በቀኝ በኩል ያለችው ጥርስ ከበቀለች ጀምሮ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ትንሽ ናት፣ ጫፏ ሾል ያለ፣ የገብስ ቅንጣት የምትመስል። አልተበላችም፣ አልተሰበረችም። ነገር ግን ከፍልሰታ ወዲህ ከጥርሷ በላይ ያለው ድድ ያብጥና ይፈነዳል፤ መግሉ ይወጣና ይሽራል፤ ሳይቆይ ደግሞ ያብጣል። ጎረቤቱ ሁሉ «ትነቀል» ይለኛል። ማክሰኝት ገበያ እጁ የቀለለ ጥርስ ነቃይ አለ ብለው ሊወስዱልኝም ተነሥተው ነበር።

እኔ እንድትነቀል አልፈልግም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። ትምህርትህ ይኸው ስለሆነ ሌላ መላ ካለ ጻፍልኝ። ዕቃ አትላክልኝ፤ መላውን ብቻ።

እመቤታችን በምትሄድበት ሁሉ ትቅደምህ።

አክስትህ እጅጋየሁ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ እጅጋየሁ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ ድንቹን ግን እስካሁን አልለመድሁትም።

የወለቴን ነገር እንዳነበብሁ ደብዳቤውን ይዤ ወደ አስተማሪዬ ሄድሁ። የገብስ ቅንጣት ትመስላለች ያሉት ነው ነገሩን የገለጠልን። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ፣ አንዳንዴ የላይ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የካልሲ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ እንደሚሆነው። ያን ጊዜ በጥርሱ ሆድ ውስጥ ሌላ ትንሽ ጥርስ ያለ ይመስላል። ከኋላው በኩል ዓይን የማያያት ቀዳዳ ትቀራለች። በዚያች ቆሻሻ ይገባና የጥርሱን ነፍስ ይገድላል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ ውስጡ ግን ሞቷል። ድዱን የሚያሳብጠው ያ የሞተው ነው።

መነቀል የለባትም። መጀመሪያ ከኋላ ተከፍታ እስከ ሥሯ ድረስ ትጠረጋለች፣ መድኃኒት ይሞላባታል። አልሽር ካለ ድዱ ይከፈትና የሥሯ ጫፍ ተቆርጦ በዚያ በኩል ይደፈናል። ቀላል አይደለም፣ ግን ይቻላል። ከዚህ ወደ ጎንደር የሚመላለሱ ሐኪሞች አሉ። እስከዚያው የጥርሷን ራጅ አስነሥተው ይላኩልኝ።

ደግሞ ይህ ነገር በቤተሰብ ይወርዳል ይላል አስተማሪዬ። ወንድሟ ላቀውም እንዲህ ያለች ጥርስ አለችው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዕለት ፊቱ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ተከድኖ ሲፈተን ትዝ ይለኛል። «አያ አንድ ዓይና!» እያልን ስንስቅበት እሱም አብሮን ሳቀ። እባክዎ እሱንም ይዘውት ይሂዱና ይታይ።

ምነው ግን አይጽፍልኝም? ከመጣሁ አራት ዓመት አለፈኝ፤ ስንቴ ጻፍሁለት። የውጭ ትምህርት ዕድሉ ለእኔ ወጥቶ እሱ ስለቀረ ተቀይሞኝ ይሆን? እርስዎም በደብዳቤዎ ስሙን አያነሡልኝም። አንድ ቃል እንኳ ቢጽፍልኝ ብለው ይንገሩልኝ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ አንዳርጋቸው


ጎንደር፣ የካቲት 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንዳርጋቸው፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። መልሴ ስለዘገየ አትከፋ። መጻፍ ጀምሬ ስንቱን ቀደድሁት።

ራጁ አልተነሣም። ሆስፒታል ወስጃት ነበር። የሚያነሣው ሰው ትንሿን ፊልም አፏ ውስጥ ሊያደርግ ጣቱን ሲያስጠጋ ነከሰችው። ደሙ ወረደ። እኔ ስይዛት ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ከወንበሩ ወርዳ ግድግዳው ሥር ተኮራምታ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰውየው ደግ ነው፣ አልተቆጣም። «ሌላ ጊዜ ትምጣ» አለኝ። ሌላ ጊዜ አልሄደችም።

ጠበል አስጠምቂያት የሚሉኝ አሉ። ያደረባት አለ የሚሉም አሉ። ያችን ጥርስ ከከንፈሯ እያጠጋጋች ታፏጫለች፤ ባለፈው ቅዳሜ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ስታፏጭ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ «ማን መጣ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመጣም አልኋት። ወለቴ ዜማውን ከየት እንዳመጣችው አታውቅም። እናንተ ሁለታችሁ ስታፏጩት ትንሽ ነበረች፤ ልታውቀውም አትችልም።

ስለ ላቀው ለጠየቅኸኝ፦ ላቀው ጥርሱን አያመውም።

ቸር ያሰማን።

እጅጋየሁ


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 30 ቀን 1974 ዓ.ም.

አክስቴ ሆይ፤

ይህን ወረቀት የምታደርስልዎ ዶክተር ኡርሱላ ናት፤ የጥርስ ሐኪም ናት፣ ጎንደር ትከርማለች። በፖስታ አይደለም የመጣው፤ ከእሷ ከረጢት ወደ እርስዎ እጅ ነው። መልስዎንም ለእሷ ይስጧት፤ ከዚያ የሚመለሱ ባልደረቦቿ ያደርሱልኛል። በመካከላችን ሌላ ዓይን አይገባም።

ስለ ላቀው የጻፉልኝን አንድ መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግርዎም። እዚህ የጎንደር ልጆች አሉ። ስሙን ሳነሣ ወሬ ይለውጡብኛል። አንዱ ብቻ «ተወው፣ ትምህርትህን ጨርስ» አለኝ። እባክዎ ይንገሩኝ። እውነቱ ከዚህ አይብስም።

የወለቴን ነገር ደግሞ አይተዉት። መግሉ መንገድ እያገኘ ስለሚወጣ ነው የምትተርፈው። መንገዱ ከተዘጋ ወደ ዓይኗ፣ ወደ ደሟ ሊሄድ ይችላል። ልጅቷ ለምን አፏን እንደማታስነካ የሚያውቁት ነገር ካለ ዶክተሯ ማወቅ አለባት።

አንዳርጋቸው


ጎንደር፣ ግንቦት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

አንዳርጌ፤

ተቀመጥ። ብቻህን ከሆንህ ሰው ጥራ።

ላቀው የለም። አንተ በሄድህ በዓመቱ፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት በግንቦት ወር፣ ምሳ በልቶ እጁን ሲታጠብ መጥተው ወሰዱት። ፎጣውን እንኳ አላስቀመጠም፤ ይዞት ሄደ። ስንቅ አመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ያለው ወታደር ሳህኑን ሳይከፍት መለሰልኝና «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ሌሎችም እናቶች እንደዚሁ ተባሉ። እርስ በርሳችን ሳንተያይ ተበታተንን።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ሰዎች ተጥለዋል ሲሉ ሰማሁ። ወለቴን የምተዋት ቤት አልነበረኝም፤ የሰው ቤት ሁሉ ተዘግቶ ነበር። እጇን ይዤ ሄድሁ። ፊታቸው ሰው አይለየውም። ልብሱን ስፈልግ የእሱን ልብስ አጣሁ፤ የሌላ ሰው ጃኬት አልብሰውት ኖሯል። እኔ አልፌው ነበር። ያወቀችው እሷ ናት። ከንፈሩ ተገልጦ ያች ጥርሱ ትታያለች። «እማ፣ ጥርሱ…» ስትል አፏን በመዳፌ ያዝሁት።

ጠባቂው ቀና ብሎ አየን። «ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልሁ።

አውቀዋለሁ ያሉትን እንዴት እንዳደረጓቸው ሰምቼ ነበር። ቤት የቀረኝ እሷ ብቻ ነበረች። እንደያዝኋት፣ እጄን ካፏ ሳላነሣ፣ መንገዱን ሁሉ ተጓዝን። ቤት ገብቼ ስለቃት መዳፌ ደምቶ ነበር፤ ጥርሷ ገብቶበታል። አላለቀሰችም። ያን ክረምት አንድ ቃል አልተናገረችም። አንደበቷ ከተከፈተ ወዲህ ስለ ሁሉም ነገር ታወራለች፤ ስለ እሱ ግን እስከ ዛሬ፣ ስሙንም ቢሆን አታነሣም። እኔም አላነሣሁባት። የት እንዳደረጓቸው አላውቅም። ልቅሶ ተከለከለ፤ ከል እንኳ አልለበስሁም። በሳምንቱ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ማባዛት አስተማርሁ።

አሁን የጥርሷን ነገር ስማ። በዓመቱ የወተት ጥርሷ ወለቀ። አዲሷ ስትወጣ በየቀኑ አይ ነበር። ጫፏ ሾሎ ብቅ ስትል፣ ያችው ናት። ያየኋት ተገልጦ ባለው ከንፈር ሥር ነበር፤ አሁን በልጄ አፍ ውስጥ በቀለች። እንጀራ እያጎረስኋት ነበር፤ ትቼያት ወጣሁ። ትስቃለች፣ በእሱ አፍ ነው የምትስቀው። ፊቴን አዞራለሁ፤ ማዞሬንም ታያለች፤ ስለዚህ አፏን በእጇ ሸፍና መሳቅ ለምዳለች።

ነቅለሽ ጣይው ይሉኛል። እሱን ካፏ ነቅዬ የት ልጣለው? ሌላ መቃብር አለው ወይ?

ዶክተሯ መልካም ሰው ትመስላለች። እኔ ግን ይህን በአስተርጓሚ ልነግራት አልችልም። አንተ በቋንቋዋ ጻፍላት።

እጅጋየሁ


ላይፕዚግ፣ ሰኔ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

እታለም፤

ዛሬ አንቱ ማለት አቃተኝ። አንቺ ልበልሽ። እናትን አንቱ የሚል የለም።

አውቅ ነበር መሰለኝ። ባላውቅ ኖሮ «ተቀይሞኝ ይሆን?» እያልሁ ይህን ሁሉ ዓመት አልጠይቅም ነበር፤ ቂም ከሞት ይሻላል ብዬ ቂም አስመሰልሁት። እዚህ ማልቀሻ ቦታ የለም። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። የሰውነት ክፍል ወደምንማርበት አዳራሽ ገባሁና፣ አጥንቶቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ቆምሁ። እዚያ አለቀስሁለት። ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች አብረውኝ ነበሩ።

ለዶክተር ኡርሱላ ሁሉንም ጽፌላታለሁ። ማንም እጁን ወደ ወለቴ አፍ አይሰድም። መስተዋቱን ራሷ ትያዝ፣ ከንፈሯን ራሷ ታንሣ፣ ፊልሙንም ራሷ በጣቷ ትያዘው። በቃኝ ስትል ይቁም። አንድ ወር ይፍጅ፣ ሦስት ወር ይፍጅ፣ ግድ የለም።

አንቺን ግን በምን ላጽናናሽ? «አላውቀውም» ያልሽው አፍሽ ነው። አፍሽ ባይለው ወለቴም አትኖርም ነበር። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ አይደለም፤ እንዲያው የሆነው ይኸው ስለሆነ ነው።

ልጅሽ አንዳርጋቸው


ጎንደር፣ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንዳርጋቸው፤

ጤናህን ይስጥልኝ። ስምንት ወር ሙሉ «እየተሻላት ነው» ብቻ እያልሁ ቁራጭ ወረቀት ስልክልህ ከረምሁ። ዛሬ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ዶክተር ኡርሱላ ነገ ወደ አገሯ ትመለሳለች፣ ይህን እሷው ታመጣልሃለች።

መጀመሪያ በሄድን ጊዜ ምንም አላደረገቻትም። ነጭ ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለችና ከወለቴ ጎን ተቀመጠች። ትንሿን መስተዋት ሰጠቻት። ወለቴ የሐኪሟን ጥርስ አየች፣ ከዚያ የራሷን። ጥርሷን ከኋላ በኩል አይታት አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ፊልሙን በራሷ ጣት ይዛ ተነሣች። ራጁ ሲወጣ መብራት ላይ አድርገው አሳዩን። እውነትህን ነው፤ በጥርሷ ውስጥ ሌላ ትንሽ ጥርስ አለች፤ ከሥሯ ጫፍ ላይ ደግሞ የአተር ፍሬ የሚያህል ጥቁር ክብ።

የምታስተረጉምልን ሲስተር ብርቄ የምትባል ነርስ ናት፣ ጀርመን አገር የተማረች። ወለቴ ራጁን ብዙ አየችና ጠየቀቻት፦

«ይቺ ከውስጥ ያለችው የማን ናት?»

ብርቄ አስተረጎመች። ዶክተሯ መለሰች። «ያንቺ ናት። ጥርስሽ ሲፈጠር አብራ የተፈጠረች ናት። ማንም አላስገባብሽም።»

«ወንድሜም አለችው» አለች ወለቴ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ዶክተሯ ምን አለች ብላ ስትጠይቃት ብርቄ ቀስ ብላ ነገረቻት። ከዚያ ወደ ወለቴ ዞራ፣ «ስሙ ማን ነበር ትልሻለች» አለቻት።

«ላቀው አዳሙ።» ጮክ ብላ ነው የተናገረችው፣ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ አቤት እንደሚባለው። ኮሪደሩ ላይ ተራ ከሚጠብቁት መካከል ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሰው ነበር፤ ጋዜጣውን አጠፈና ወለሉን ተመለከተ። የሚይዘን ሰው ይመጣል ብዬ ደረጃውን አየሁ። ማንም አልመጣም። ወደ ውስጥ ስመለከት ወለቴ ወንበሩ ላይ ጋለል ብላ አፏን ከፍታለች።

መርፌውን ቻለችው። ጥርሷ ከኋላ ተከፈተች። ሲከፈት የወጣው ሽታ እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ፤ አራት ዓመት ተዘግቶ የኖረ ነገር ሽታ ነው። ውስጧን እየጠረጉ፣ እየታጠበች፣ ነጭ መድኃኒት እየተሞላላት ክረምቱ አለፈ። ውስጠኛዋን ጥርስ እንደ መርፌ በቀጠነ ብረት እየፋቁ አወጡላት። ድዱ ይሽርና ተመልሶ ይፈነዳል። ዶክተሯ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ራጁን አሳየችኝ፤ ጥቁሩ ክብ አልጠበበም። «ከዚህ ወዲያ በቢላ ነው» አለች።

ታኅሣሥ ላይ ቀደዷት። እኔ ውጭ ልሁን ብዬ ነበር፤ ወለቴ «ትግባ» አለች። ስለዚህ አየሁ። ድዱን እንደ መጋረጃ ገለጡት። ከሥሩ ጫፍ ላይ ያለውን ከረጢት ጠርገው አወጡ፤ የሥሩን ጫፍ ቆረጡና ደፈኑት። ወለቴ ቀና ብላ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስታይ ቆየች። አላለቀሰችም፣ አልተወራጨችም። ሲሰፉላት ብቻ በጣቷ ጠራችኝ። ጎንበስ ስል መናገር ስላልቻለች፣ የቀሚሴን እጅጌ ጨበጠች።

ቤት ስንገባ ፊቷ አበጠ። አንድ ዓይኗ ተከደነ። ትኩሳቱ ሲይዛት ይቺም ሄደች አልሁ። አንዳርጌ፣ ያ እብጠት የሱን ፊት አመጣው። ከአልጋዋ ጎን ተቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ሳላዞር አየሁት። ልጄን በቅጡ አላየሁትም ነበር ያን ቀን፤ አልፌው ነው የሄድሁት። እሷ ተኝታ፣ እሱን ጠግቤ አየሁ። ነካሁትም። ጉንጩ ይሞቃል። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ እብደት ይሉታል። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፤ የራሷ መልክ እየተመለሰ መጣ፤ እኔም እየተመለሰ ሳየው ሁለተኛ ጊዜ የተለየኝ ያህል ሆነብኝ፣ ሾርባ ላሙቅ ብዬ ተነሣሁ።

አሁን ድኗል። ጥርሷ ቀለሟ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ዶክተሯ በየዓመቱ ራጅ ትነሣ ብላለች። ከአሁን በኋላ የምታያት አንተ ነህ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ፤ ባለፈው ሳምንት የሆነ ነው።

ከታች ሰፈር ያሉት እትዬ ለተ ማርያም ዐረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው። ድንኳን ተተከለ። የቀበሌው ሊቀመንበርም መጥቶ ወንዶቹ መካከል ተቀምጧል። እኔ ወለቴን ይዤ ሄድሁ። አልቃሿ ስትደክም ሴቶቹ ተራ በተራ እየተቀበሉ ያወጣሉ። አንዲት ሴት አውጥታ ጨረሰች። ላወጣ አላሰብሁም። ሙሾ አውጥቼም አላውቅም፤ አስተማሪ ነኝ። አፌ ግን ቀደመኝ፦

«ለእትዬ ለተ ማርያም አልቅሼ ልመለስ፣
መቃብር ላጣው ልጅ ልቅሶዬ ቢደርስ።
ላቀው!»

ሊቀመንበሩን አየሁት። ሊነሣ ጉልበቱን ያዘ። ያን ጊዜ ከበስተኋላዬ አንዲት ሴት፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው፣ ልጇን መውሰዳቸውን እንኳ የማላውቅ፣ «አንተዬ ባዬ!» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ ከወዲያ ጥግ ሌላ ስም ተነሣ። ከዚያ ሌላ። ከወንዶቹ በኩል ሳይቀር አንድ ሽማግሌ የሁለት ልጆቻቸውን ስም ጠሩ። ወለቴ አጠገቤ ቆማ፣ ድንኳኑን እየዞረች እያየች፣ ወንድሟን ደጋግማ ትጠራለች።

አንድ የሟች ዘመድ «ኧረ ምንድን ነው ይኼ! የሰው ሬሳ ፊት!» ብሎ ተቆጣ። ሊቀመንበሩም ይህን ሲሰማ ቆመ። የእትዬ ለተ ማርያም የመጀመሪያ ልጅ ይርገዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአስከሬኑ ራስጌ ተቀምጣ ነበር። ቀና አላለችም። ድምፅዋም አልተነሣም፤ ሁሉም ግን ሰማት።

«ተዋቸው» አለች። «እናቴ ልጆቹን ይዛቸው ትሂድ።»

ሊቀመንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ።

አክስትህ እጅጋየሁ